ለጋሼ ሲባል ታሞ የቆየው ኮምፒውተር

በባለቤቴ ቤተሰብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር የተሾመ ሰው አለ። ድንኳን የሚያስተክለው ይታወቃል፣ ለሽምግልና የሚላከው ይታወቃል፣ የበዓል በግ የሚመርጠውም ይታወቃል፤ ሌላ ሰው ገዝቶ ከመጣ በጉ ገና ሳይታረድ ይታማል። ለኮምፒውተር፣ ለስልክ፣ ለዲሽ፣ ባጠቃላይ ገመድ ላለው ነገር ሁሉ የተሾሙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ጋሼ ነው የምላቸው። ሹመቱ ከየት እንደመጣ አጠያይቄ ደርሼበታለሁ። በወጣትነታቸው ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ ኮምፒውተሮቹ የተቀመጡበትን ክፍል ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ቁልፉን ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ «እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያደገው» ይባላል። ዛሬ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባትና ደብተር የሚሸጥባት ሱቅ አላቸው። ከዘመድ ቤት የታመመ ማሽን ሁሉ ሽቅብ ወደዚያች ሱቅ ይሄዳል፣ ካልሆነም እሳቸው ቁልቁል ይመጡለታል።

እኔ የምኖረው መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደዚህ ስንዛወር የማስተምርበት ትምህርት ቤት በከተማው ሌላ ጫፍ ቀረና ተውኩት። ቅርብ ቦታ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘሁም። ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ የባለቤቴ ዘመዶች ስለ እኔ ሲጠየቁ «እቤት ናት» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዳች በሽታ የያዘኝ ይመስል። ስለዚህ አንድ የውጭ ድርጅት የአማርኛ ንግግር እያዳመጡ በጽሑፍ የሚገለብጡ ሰዎች እንደሚፈልግ በኢንተርኔት ሳይ፣ ለማንም ሳልናገር ተመዘገብኩ። ፈተናውን አለፍኩ። ከዚያ የሙከራ ሥራ ሰጡኝ፤ የገበያ ወሬ፣ የራዲዮ ጨዋታ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ ሳይቀር ያለበት ረጅም የድምፅ ቅጂ። እስከ ሰኞ ማታ ጨርሼ ከላክሁ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልላክሁ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።

ደስታዬን ልደብቀው አልችልም። ጠዋት ባለቤቴ ሲወጣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጥ ነበር፣ ልክ እንደ ሠራተኛ። በር ሲንኳኳ «ሥራ ላይ ነኝ» እል ነበር። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደናፈቅኋት የሚያውቅ ቤት የዋለ ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። ማን ጠየቀህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሸጠላችሁ ሰው ሁሉ ሲሸጥላችሁ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል «አፕዴት እንዳታደርጉ» ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ «በኋላ» እያልኩ ስገፋው ቆይቼ ነበር። በኋላም ሲሰለቸው ራሱ አደረገው። ጨርሶ ሲከፈት ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ማዳመጫዬን ሰካሁ፣ ቅጂውን ከፈትኩ፣ ጥቂት እንደሄድኩ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነና ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ከፈትኩት። እንደገና ሰማያዊ።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ፤ መሪ ላይ ከመብራት የሚጀምር ጥርጣሬ አያሳፍርም። ከሶኬት ነቅዬ በባትሪ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ሙቀት ይሆናል ብዬ መስኮት ዳር አስቀመጥኩት፤ ያው ነው። ከዚያ ተረጋግቼ ማስተዋል ጀመርኩ። ጽሑፍ ስጽፍ አይጠፋም። ፎቶ ስመለከት አይጠፋም። ኢሜይል ሳነብ አይጠፋም። የሚጠፋው ድምፅ ሲጫወት ብቻ ነው። ማሽኑ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት በሴፍ ሞድ ስከፍተው እንደ በግ ዝም ብሎ ዋለ፤ በዚያ ግን ድምፅ ስለማይሠራ ለእኔ ሥራ አይሆንም። ማሽኑ በወደቀ ቁጥር ለራሱ የሚመዘግበው ነገር እንዳለ አነበብኩና እሱን ፈልጌ ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ውድቀት ላይ የአንድ ፋይል ስም ተጽፏል፤ የድምፁ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ከሲስተሙ ጋር የሚያነጋግረው ትንሽ ፕሮግራም። አፕዴቱ አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ተክቶበታል፣ አዲሱ ደግሞ ከእኔ ማሽን ጋር አልተስማማም። መፍትሔው አሮጌውን መመለስ ነው። ይኸው ነው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

አሮጌው ድራይቨር ከማሽኑ ላይ ተጠርጎ ስለነበር ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። የቤታችን ኢንተርኔት ደግሞ ዓርብን ሙሉ ሲያዞረኝ ዋለ። አንድ ወዳጄ ሥራሽን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው፣ ክላውድ ላይ፣ እዚያ አይጠፋም ትለኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለነገሩ ብፈልግም አይቻልም ነበር፤ ድርጅቱ የሚያሠራበት ፕሮግራም ያልተጠናቀቀውን ሥራ በራሱ ውስጥ ቆልፎ ይይዛል፣ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፣ ለማንም አይላክም፣ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚወጣው። ማሽኑ በየመሐሉ እየወደቀብኝም ዓርብ ማታ ድረስ እየተንፏቀቅሁ አብዛኛውን ጨርሼ ነበር። የቀረኝ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ደህና ማሽን ካገኘሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ ወረድኩ። አንድ ሕንፃ ላይ ያለ ዋይፋይ የሚይዝ ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶ አዝዤ፣ ድራይቨሩን በስልኬ አወረድኩት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ላይ ውለታ የሠራ ሰው ፈገግታ አለ።

«ለጋሼ ደውዬለታለሁ፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል» አለኝ።

«ለምን ደወልክ? አግኝቼዋለሁኮ። ድራይቨሩ ነው። አሁን እጭነዋለሁ፣ አለቀ።»

«አትንኩት ብሏል።»

«የእኔ ኮምፒውተር እኮ ነው።»

«የአንቺ ነው፣ ማን አይደለም አለ? ግን እስቲ አስቢው። ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ፣ ከፈረንሳይ መሪ ድረስ ታክሲ እየቀያየረ መጥቶ፣ ተጠግኖ ሲያገኘው ምን ይላል?»

«ደስ ይላቸዋላ።»

«አይለውም። ይከፋዋል። ታውቂዋለሽ።»

«እሺ ደውልና ተሠርቷል፣ አትድከም በላቸው።»

«ነውር ነው። አንዴ እመጣለሁ ብሏል።» ከዚያም ሁሌ ክርክር የሚዘጋባትን ቃል አመጣት። «ለእኔ ስትይ።»

አንባቢ እዚህ ላይ ደግሞ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። መድኃኒቱ ስልኬ ላይ አለ። በሽታው ታውቋል። ግን ሐኪሙ ሲመጣ በሽተኛው ድኖ እንዳያገኘው፣ እስከ እሑድ ታሞ ይቆይ ተባለ። ይህን ለውጭ ሰው ብናገር ያበድን ይመስለዋል፤ እኛ ግን ይሉኝታ ብለን ስም አውጥተንለታል፣ ስም ስላለውም ጤነኛ ይመስለናል። እኔም እሺ አልኩ። ሰኞ ሙሉውን ቀን አለኝ፣ ጋሼ መጥተው ነካክተው ይሂዱ፣ እሳቸው በወጡ ማግስት እጭነዋለሁ ብዬ አሰላሁ። አንድ ነገር ብቻ ለባለቤቴ አስጠነቀቅሁት፤ የሥራዬን ፕሮግራም እንዳይነኩብኝ፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለ እኔን ጥሩኝ። «ችግር የለም» አለኝ።

እሑድ ጋሼ ነጠላቸውን በሱፋቸው ላይ እንዳጣፉ መጡ። የሚያመሰግኑትን አመስግነው፣ ጉልበታቸውን የመሪ ደረጃ እንደፈጀው ተናግረው፣ ከሱቁና ከቤታቸው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ የታሰረች ፍላሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከተጋባን ስንት ዓመታችን፣ እሳቸው ግን ዛሬም ሙሽሪት ነው የሚሉኝ።

«ሙሽሪት፣ ምን አደረግሽው?»

«እኔ ምንም አላደረግሁትም፣ ጋሼ። ራሱ አፕዴት አደረገና የድምፁ ድራይቨር ተበላሸ። ድምፅ ሲጫወት ብቻ ነው የሚጠፋው። ሌላ ጊዜ አይጠፋም። መዝገቡንም አይቼዋለሁ፣ ላሳይዎት?»

ሕፃን ግጥም ሲያነበንብ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ቫይረስ ነው» አሉ፣ ገና ክዳኑን ሳይከፍቱት።

አጠገባቸው መቀመጥ ፈልጌ ነበር። ግን የባል ወንድም እሑድ ቀን ቤት መጥቶ ምሳ ሳይበላ አይሄድም፣ ምሳው ደግሞ ራሱን አይሠራም። ባለቤቴን በዓይኔ አደራ ብዬው ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሥጋ ጣድኩ። በመሐል ሣቃቸው ይሰማኝ ነበር፤ ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ፣ ስለ አባታቸው ፈረስ። ሲስቁ ደህና ነው ብዬ ተረጋጋሁ።

ሥጋው ሲደርስ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ብቅ አልኩ። ስክሪኑ ላይ የማላውቀው አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል። የእኔ ፎቶ የለም፣ በግራ በኩል የደረደርኳቸው ፋይሎች የሉም፣ የሥራዬ ፕሮግራም የለም። ጋሼ አንድ መዝሙር ከፍተው ድምፁ እንደሚሠራ ያስደምጣሉ። እውነትም ይሠራል።

«አየሽ? እንደ አዲስ ሆነልሽ» አሉኝ።

«ፕሮግራሜስ?»

«የቱ ፕሮግራም?»

«የምሠራበት። ሲ ላይ የነበረው።»

«ሲን ፎርማት አደረግሁት። በቫይረስ ተበልቷል ብዬሽ የለ። ዲ ላይ ያለው ሁሉ አለ፣ አንድም ነገር አልጎደለብሽ። ባልሽን ጠይቄው ዕቃዋ ሁሉ ዲ ላይ ነው ብሎኛል።»

ይህ የከተማችን ሕግ ነው፤ ኮምፒውተር ስትገዙ ዲስኩን ለሁለት ይከፍሉላችኋል፣ ሲ ለሲስተሙ፣ ዲ ለባለቤቱ። ማሽን በታመመ ቁጥር፣ ሕመሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሲ ይጠረጋል። ራስ ምታትም ቢሆን ቁርጥማትም ቢሆን መድኃኒቱ አንድ ነው። ዲ ላይ የሠርጋችን ፎቶ በሙሉ አለ። ለሥራ የተሰጠኝ ፕሮግራም ግን ዲ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሥራዬን ቆልፎ የያዘው በራሱ ቤት ውስጥ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ሲ ላይ ነበር።

ባለቤቴን አየሁት። ባለቤቴ መሬት አየ።

እውነቱን ለመናገር ድስቱን ይዤ ወጥቼ ጠረጴዛው ላይ መድፋት ፈልጌ ነበር። ያደረግሁት ግን እጅ ማስታጠብ ነው። ውኃውን እያንቆረቆርኩላቸው እጃቸውን አየሁት፣ ንጹሕ ነበር፣ ምንም ያጠፋ አይመስልም። ምሳ አቀረብኩ። ጥብሱ ጥሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ባለቤቴ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ፣ አንተ ባትኖር» አላቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩ በሆዴ፤ አህያይቱ እኔ እንደሆንኩ እያወቅሁ።

ሲሄዱ ደረጃውን ሸኝቷቸው ተመለሰ።

«እንደዚያ መሆኑን አላወቅሁም» አለኝ።

«ጥሩኝ ብዬህ አልነበር?»

«ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበርኮ። ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። ያንን ሁለታችንም አንዱ ላንዱ እየደጋገምን ስለምንነግረው መጻፍ አያስፈልገውም።

ሰኞ ፕሮግራሙን መልሼ ጫንኩት። ባዶ ነበር። ቅጂው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ፣ ምንም እንዳልተሠራ፣ ያ የታክሲ ረዳት እንደገና «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላል። የቻልኩትን ያህል ሮጥኩ፤ የሳምንት ሥራ በአንድ ቀን አይሮጥም። ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። ኮምፒውተሬ ተበላሸ አልኩ። የባሌ ወንድም እንዳይከፋቸው ብለን ነው የሚል እንግሊዝኛ ከየት አባቴ ላምጣ? ጨዋ መልስ ሰጡኝ፤ አዝነዋል፣ ስለ ጥረቴ ያመሰግናሉ፣ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በዚያው ሳምንት በሩ ሲንኳኳ «ሥራ ላይ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በሽታው ተመልሶ መጣ፣ እንዴት አይመጣም? ጋሼ ከፍላሻቸው የጫኑት ሲስተም አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያንኑ አፕዴት አወረደ፣ አፕዴቱም ያንኑ ድራይቨር ይዞ መጣ፣ ስክሪኑም ያንኑ ሰማያዊ ሆነ። የሳቸው ቫይረስ ከፎርማቱ ተርፎ ኖሯል። ስልኬ ላይ የነበረውን አሮጌ ድራይቨር ገለበጥኩ፣ አዲሱን አንሥቼ እሱን ጫንኩ፣ ሲስተሙ ድራይቨሩን በራሱ ፈቃድ እንዳይቀይር ከለከልኩት። ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ ሳይንተከተክ ሥራው አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዴም ጠፍቶ አያውቅም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ቢያንስ ይህን ይወቀው ብዬ።

«ጎበዝ» አለኝ፣ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ለጋሼ ግን እንዳትነግሪው» አለ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የጋሼ ልጅ ተመረቀችና ፈረንሳይ ተጠራን። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው፣ ከኋላው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይጀምራል፤ ክረምቱ ገና አልወጣምና ብርዱ በየበሩ ይገባል። ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። ከምግብ በኋላ ወሬው እንደተለመደው ወደ ጋሼ ሙያ ዞረ። የአንዷን ስልክ እንዴት ከሞት እንዳስነሡ ተወራ። የሌላውን ዲሽ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«የሙሽሪትስ? ቫይረስ በልቶት አልነበር? ከሥሩ ነው የነቀልኩላት። ይኸው ይሠራል አይደል እስካሁን?»

«ይሠራል» አለ ባለቤቴ። «አንዴም አልጠፋ።»

ሁሉም አደነቁ። አንዱ አጎት «እጁ ላይ ነገር አለ» አሉ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል፣ ክርኑ ክርኔን ይነካዋል፣ ያን ማታ የነገርኩትን ያስታውስ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ድሮም ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ዝም ብዬ የቆሎውን ሰፌድ እያየሁ ነበር። አማቴ ከወዲያ ማዶ ተጠግተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት አልነበረባቸውም።

«አንቺ ተመስገን በይ» አሉኝ። «ስንቱ በየሱቁ ይንከራተታል። እሱ ባይኖር ምን ይውጥሽ ነበር?»

«ሥራ ይኖረኝ ነበር» አልኩ።

ጮክ ብዬ አልነበረም። ግን ሁሉም ሰማ። ጋሼ ብርጭቆአቸውን እንዳነሡ ቀሩ። አማቴ እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሡ። ለአንድ አፍታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። መልሱን ከነዝርዝሩ አዘጋጅቼው ነበር።

ባለቤቴ ሳቀ። «ጨዋታ ትወዳለች» አላቸው።

ሳሎኑ ሁሉ ተነፈሰና ሳቀ። ጋሼም ሳቁ፣ አማቴም «አይ ሙሽሪት» እያሉ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ መለሱት። በዚህ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የእነሱ ሳቅ አይደለም። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።